ቀይና ነጩ ዘንግ

ኅዳር 11፣ ረቡዕ፣ አመሻሽ

ዛሬም ውሃ የለም። ሃያት ከታች በጀሪካን ቀድታ ወጣች፤ ግማሹ ለእኔ። ላመሰግናት ፈልጌ አፌ ተሳሰረ። አንድ ዶርም ከገባን ሰነበትን፤ አሁንም ድንገት ስታናግረኝ ልቤ ዘሎ ሊወጣ ይደርሳል። የወራቤ ልጅ ናት፣ የነጋዴ ልጅ፤ ከማንም ጋር ወዲያው ትስቃለች። እኔ ደግሞ የአቃቂ ልጅ ሆኜ፣ እዚሁ ሰፈሬ ጥግ፣ ባዳ ነኝ። ምን ዓይነት ፍጥረት ነኝ፣ ዝምተኛዬ?

(አንተን ነው። ከዛሬ ጀምሮ ስምህ ዝምተኛዬ ነው። ደብተር ማለት ደበረኝ።)

ሰው ጎንደር፣ ጅማ፣ አርባ ምንጭ ሲመደብ እኔን ጓሮዬ መደቡኝ። በመስኮቱ አንገቴን ካወጣሁ የፋብሪካው ጭስ ማውጫ ይታየኛል። ከሱ ጀርባ ቤታችን። እማዬ ግን ቁርጡን ነግራኛለች፦ በዓል ካልሆነ ድርሽ እንዳትዪ፣ ዩኒ. የገባሽው ሰው ልትለምጂ ነው። ቅርብ መሆኑ ነው የሚያሰቃየኝ። ሩቅ ቢሆን ቁርጤን አውቄ እቀመጥ ነበር።

ማስታወቂያ ተለጥፏል። ፍሬሽ በሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ሜዳ ይወጣል። “የሜዳ ትውውቅ” ይባላል። ያመጡት የስፖርቱ መ/ር ታሪኩ ናቸው፤ ውጭ አገር ለአጭር ሥልጠና ሄደው አይተውት ነው አሉ። ከሰዓት አዳራሽ ሰብስበው አስረዱን። በየዓመቱ ብዙ ፍሬሽ ትምህርቱ ሳይከብደው ጥሎ ይሄዳል፤ ብቸኝነት ነው፣ ፍርሃት ነው። አብሮ የተራመደ፣ አብሮ ወንዝ የተሻገረ፣ ሲደክመው ሌላው ቦርሳውን የተሸከመለት ግን አይሄድም፣ አሉ። ሃያት በጆሮዬ፦ ዕድሜ ልኬን በእግሬ ተመላልሼ ተምሬ፣ አሁን መራመድ ሊያስተምሩኝ ነው? ሳቄን ዋጥኩት።

ግን ፈራሁ። ሜዳውን አይደለም፤ ሜዳውንማ ከልጅነቴ አውቀዋለሁ። የምፈራው ሰው ነው። ከሰው ጋር ሜዳ መውጣት እንግዲህ ምኑ ይወራል።

ኅዳር 14፣ ቅዳሜ፣ ከሰ.

እግሬ አቧራ፣ ፊቴ አመድ።

ቡድን ተደለደልን። በአንድ ለአምስት ነው፦ አንድ መሪ፣ አምስት ፍሬሽ። ክፍሉም አንድ ለአምስት፣ ዶርሙም አንድ ለአምስት፣ ይኸው ሜዳውም ሆነ። መሪያችን ዮናታን ይባላል፣ ሦስተኛ ዓመት ሲቪል ኢንጂነሪንግ፣ የቦሌ ልጅ። ጫማው ነጭ። ላም ሲያይ መንገድ ይለውጣል። ግን ደግ ነው፣ መዋሸት አልችልም። ስሜን ወዲያው ያዘ፤ ወይንሸት ብዬ ነግሬው ወይኒ አለኝ። ከእማዬ በቀር እንዲህ የሚለኝ የለም።

አምስታችን እኔ፣ ሃያት፣ አንዲት የደሴ ልጅ፣ ሁለት ወንዶች። መጀመሪያ ጅረት ተሻገርን፣ በድንጋይ ላይ፣ እጅ ለእጅ ተያይዘን። ደህና ነበር። ከዚያ ጨዋታ። አንዱ ዓይኑን ይጨፍንና ጀርባውን ሰጥቶ ወደኋላ ይወድቃል፤ ሌሎቹ ይይዙታል። ሃያት ወደቀች፣ ሳቀች፣ ካልደገምኩ ብላ ደግማ ወደቀች። ሁሉም ወደቁ። ተራዬ። ዓይኔን ጨፈንኩ። እንይዝሻለን፣ አይዞሽ፣ ይላሉ ከኋላዬ። ድምፃቸው ከሩቅ የሚመጣ ይመስለኛል። ላብ በጀርባዬ ይወርዳል። ሁሉም ይጠብቃል። ቆሜ ቀረሁ። ከዚያ ይባስ ብዬ አለቀስኩ።

አንዱ ልጅ ሊስቅ ሲጀምር ዮናታን በዓይኑ አስቆመው። የሚቀጥለው ሳምንት ይደርሳል፣ ማን አሯሯጠን፣ ብሎ አሳለፈኝ።

ፈሪ ለእናቱ ይላሉ። የኔ እናት ግን በዓል ካልሆነ አትቀበለኝም።

ኅዳር 17፣ ማክሰኞ

የማትስ ፈተና። ዜሮ አይሆንም፣ የዜሮ ጎረቤት ግን ይሆናል።

ከሰ. እግሬ ራሱ ወደ በር ወሰደኝ። ባጃጅ። አቃቂ ደረስኩ፤ የሰፈራችን ቅያስ ጋ ወረድኩና ቆምኩ። የጎረቤት ልብስ ገመድ ላይ ተሰጥቷል። የእማዬ ሳል የሰማሁ መሰለኝ። እዚያው ቆሜ ቆሜ ተመለስኩ።

ሃያት የት ነበርሽ አላለችም። ከካፌ ዳቦ ደብቃ አምጥታልኛለች። አመሰግናለሁ አልኩ! ጮክ ብዬ! ለራሴም ደነገጥኩ።

ግን ክሊራንስ ጨርሼ ብወጣስ? ከኛ ብሎክ የሄዱ አሉ። አልጋቸው ባዶ ፍራሽ ነው። ስማቸውን ማንም አያነሳም፤ ሞቱ እንኳ ቢባል እንዲህ አይረሱም።

ኅዳር 21፣ ቅዳሜ፣ አመሻሽ

ወደቅኩ! ያዙኝ!

በሥርዓት ልጻፍ። ዛሬ ራቅ አልን፣ በእርሻው መሃል ባለው መንገድ። ዋልካው መሰነጣጠቅ ጀምሯል። ጤፉ ሊደርስ ነው። ከማሳው ማዶ የኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም፣ ገና ያልተለሰነ፣ የባህር ዛፍ መወጣጫው ዙሪያውን እንደታሰረበት። በቀደም ነው እዚያም ጤፍ የነበረው። አረፍ ባልንበት ሣር ላይ፣ ዮናታን ተራሽ ሳይለኝ፣ ራሴ ተነስቼ ጀርባዬን ሰጠኋቸው። ወደቅኩ። ብዙ እጅ። ሰማይ። ሃያት እልልታውን አቀለጠችው። ለካ እንዲህ ቀላል ነው? ለዚህ ነው ሳምንቱን ሙሉ የፈራሁት?

ከዚያ አንድ ሽማግሌ ከማሳቸው ተጣሩ። ሁሉም ደነገጠ፣ ከዮናታን ጀምሮ። እኔ ብቻ ገባኝ፤ ልጆች፣ ኑ ውሃ ጠጡ ነው የሚሉት፣ በኦሮምኛ። እማዬ ፋብሪካ ፈረቃ ስትገባ ያሳደጉኝ ጎረቤታችን አዴ ሎሚ ናቸው፤ አፌን የፈታሁት በሁለቱም ነው። መለስኩላቸው። ምንድን ናችሁ? ተማሪዎች ነን፣ ባራቶታ። እዚህ ምን ትሠራላችሁ? እንራመዳለን። ሳቃቸውን ማቆም አቃታቸው። ተማሪ መራመድ ይማራል እንዴ አሉ፤ ልክ እንደ ሃያት።

ኦቦ ሁሪሳ ይባላሉ። እሸት ሽምብራ ነቅለው በእቅፍ ሰጡን። የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቁኝ። አባቴ ባቡር ላይ ይሠራ እንደነበር፣ እንደሞተም ነገርኳቸው። በወጣትነታቸው በባቡር ተሳፍረው ናዝሬት ድረስ ሄደዋል፤ ምናልባት አይተውት ይሆናል። ዮናታን ሽምብራውን ከነሽፋኑ ሊበላው ነበር። በሳቅ ሞትን።

ዝምተኛዬ፣ ዛሬ ክሊራንስ የሚባል ነገር ትዝ አላለኝም።

ኅዳር 28፣ ቅዳሜ፣ ከሰ.

ፊደሌ ተዘበራርቋል። ነገ ማንበብ ከቻልኩ ጥሩ።

ጠዋት ዮናታን ከዲፓርትመንቱ ዘንጎች ተሸክሞ መጣ። ቀይና ነጭ የተቀቡ፣ ጫፋቸው የብረት ሹል። ሲቪሎች መሬት ሲቀይሱ የሚተክሏቸው። ለዛሬው ጨዋታ ነው፤ ዘንጎቹ ሜዳው ላይ ተራርቀው ይተከላሉ፣ እኛ በኮምፓስ አቅጣጫ እያየን ከአንዱ ወደ ሌላው እንሄዳለን። ፈርሞ ነው ያወጣቸው፣ አንዱ ቢጠፋ በኔ ነው ይላል። ሲያዩዋቸው ያምራሉ። እኔም አንዱን ተሸከምኩ። የአቃቂ ልጅ ሆኜ! ገበሬው ከኮዬ መሬቱ ሲነሳ መጀመሪያ የመጣው ይኸው ዘንግ ነው፤ ከዚያ ችካል፣ ከዚያ ዶዘር። ሰፈራችን ይህን የማያውቅ የለም። እኔም አውቃለሁ። ግን ዛሬ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ደስ ያለው ሰው አያስብም።

አንዱን ዘንግ ከኦቦ ሁሪሳ ጤፍ ዳር ተከልን። ብዙም አልቆየ፣ እሳቸው ሲሮጡ አየሁ። ሽማግሌ ሲሮጥ ማየት ያስፈራል። ከኋላቸው ሌሎች ሰዎች፣ ማጭዳቸውን እንደያዙ፣ ከየማሳው። ፈገግ ብዬ ሰላም ልላቸው ስል አዩኝ። ከዚያ በእጄ ያለውን ዘንግ አዩ። ፊታቸው ተለወጠ። ተማሪ ነን ብለሽኝ አልነበረም? አሉኝ። ይህን ብቻ።

አልፈውኝ ወደ ዮናታን። የያዘውን ዘንግ ጨበጡት። ጋዲ ዲሲ! ጋዲ ዲሲ! ልቀቅ ማለት ነው። በቃ፣ ልቀቅ። ዮናታን አይለቅም፣ ፈርሞበታል። ይጎትታል። እሳቸው ይጎትታሉ። ዓይናቸው እንባ ሞልቷል። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ለሁለቱም አንዳንድ ቃል። ዘንጌን እንደያዝኩ ቆምኩ። ድንገት የሽማግሌው እጅ አመለጣቸው፤ ዘንጉ ዮናታን በጎተተው ኃይል ተመልሶ የራሱን ግንባር መታው። ደም። ነጭ ጫማው ላይ። የደሴዋ ልጅ ጮኸች። ሁሉም ሮጠ። እኔም ሮጥኩ።

ዞር ብዬ አየሁ። ኦቦ ሁሪሳ አልተንቀሳቀሱም። ባዶ እጃቸውን ያያሉ።

ኅዳር 29፣ እሑድ

ዮናታን ግንባሩ ተሰፍቷል። ይተርፋል፤ ይቀልዳል እንኳ። ክሊኒክ ልንጠይቀው ሄድን። ክፍሉ ጢም ብሏል። ለመጣው ሁሉ ይናገራል፦ “ገዳይ፣ ገዳይ እያለ ነው የመጣብኝ። እገድልሃለሁ ማለቱ ነው።”

አይዋሽም። እንደዚያ ነው የሰማው። ጋዲ ሲባል ጆሮው ገዳይ ብሎ ተቀበለው። የፈራ ጆሮ የሚጠብቀውን ነው የሚሰማው። ልነግረው ጠጋ አልኩ። ያን ሁሉ ሰው አየሁና ወደ በሩ ተመለስኩ።

አሁን ወሬ መጣ። ፖሊስ ኦቦ ሁሪሳን ይዟቸዋል።

ራቴን አልበላሁም።

ኅዳር 30፣ ሰኞ

የተማሪዎች ጉዳይ ቢሮ አምስታችንንም ጠራን። ኃላፊው ሻይ አስመጣልን። ጉዳዩ ተራ ጠብ አይደለም፣ አለ። ገበሬውን የሚያነሳሱ ፀረ-ልማት ኃይሎች አሉ፤ ተማሪን እገድላለሁ ብሎ መዛት፣ በብረት መፈንከት፣ ትንሽ ነገር አይደለም። በዚህ ሳምንት ጣቢያ ሄዳችሁ ቃል ትሰጣላችሁ። ያያችሁትን ብቻ፣ አለ። ከዚያ ያየነውን ነገረን።

ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። እኔም ነቀነቅኩ? አላስታውስም። መ/ር ታሪኩ ጥግ ተቀምጠዋል፤ የፊሽካቸውን ገመድ በጣታቸው ይጠቀልላሉ፣ ይፈታሉ። እጄን አነሳሁ። ኃላፊው አየኝ። ጸጉሬን ነካ ነካ አድርጌ አወረድኩት። ሃያት አይታኛለች።

ስንወጣ ትከሻችንን መታ መታ አደረገን። እናንተ ገና ፍሬሽ ናችሁ፣ ብዙ ዓመት አብረን ነን፣ አለ። እንዴት ያለ ደግ ንግግር። ከዚያ ወዲህ ይበርደኛል። ሁለት ሹራብ ደርቤ ይበርደኛል።

ታኅሣሥ 1፣ ማክሰኞ

ውሃ መጣ! ብሎኩ በሙሉ ልብስ ያጥባል። በባልዲው ጫጫታ መሃል ለሃያት ነገርኳት። ጋዲ ማለት ወደ ታች ነው፣ ዲሲ ተው ነው፤ አንድ ላይ ልቀቅ ነው። እገድላለሁ የሚል አልወጣቸውም። የመቱትም ሰው የለም፤ ዘንጉ ነው ያመለጣቸው። ሃያት ከእጇ ላይ አረፋውን አራገፈች። እርግጠኛ ነሽ? በአባቴ አጥንት። ታዲያ ለኔ ምን ያደርግልኛል አለችኝ፣ ለባለቤቱ ንገሪው እንጂ። ነጋዴ ናት።

ሄድኩ። ዮናታን ዶርሙ በር ላይ ፀሐይ ይሞቃል። ግንባሩ ፋሻ፣ ዓይኑ ሥር ጠቁሯል። ነገርኩት። መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ተቆጣ፦ እኔ ስደማ አንቺ ቆመሽ ትርጉም ታወጪ ነበር? ከገባሽ ያኔ ለምን አልተናገርሽም? ልሄድ ስነሳ “ለመሆኑ አንቺ የማን ወገን ነሽ?” አለኝ።

የማን ወገን ነኝ? ጀርባዬን የሰጠሁት ለሱ እጅ አይደለም? ደሙ ያሳዝነኛል። ሽማግሌውም ያሳዝኑኛል። ለሁለት ሰው በአንዴ ማዘን በዚህ አገር ተከለከለ?

ይህን መስመር ልሰርዘው ብዕሬን አንስቼ ነበር። ይቆይ። አንተን ከፈራሁማ አለቀልኝ።

ታኅሣሥ 2፣ ረቡዕ

የአንድ ለአምስት ግምገማ። ሁሉም ራሱን ገመገመ። የደሴዋ ልጅ ሰዓት ባለማክበሯ ራሷን ወቀሰች። ተራዬ ሲደርስ ዓይን አፋር ነኝ አልኩ። ተመዘገበ። አንዱ፣ ስሙን አልጽፍም፣ እየሳቀ፦ በኦሮምኛ ግን አታፍርም አሉ፣ አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ዮናታን ነው የነገራቸው? ወይስ ቀድሞም ያውቁ ነበር? ማን ምን ያውቃል?

ከላይብረሪ ወደ ዶርም ስመጣ ከኋላዬ ኮቴ ሰማሁ። ፈጠንኩ፣ ፈጠነ። ደረጃው ላይ ዞርኩ። የጽዳቷ እማማ ናቸው፤ ሻርፕሽ ወድቆ ነው ልጄ፣ አሉኝ።

ታኅሣሥ 3፣ ሐሙስ

ሕግ ጥሼ ቤት ገባሁ። እማዬ ምስር ትለቅማለች። ፊቴን አይታ አልተቆጣችም። ነገርኳት፣ ከዘንጉ እስከ ሻርፑ። ምስሩን መልቀም አላቆመችም። ዝም አይነቅዝም፣ አለች። አርፈሽ ተማሪ። ሰውዬውን እግዜር ያወጣቸዋል።

ከዚያ ያልጠበቅኩት። አባዬን አነሳች። ከባቡሩ የወጣው በሕመም ነው ብዬ ነበር የማውቀው። አይደለም። አንድ ያለጥፋቱ የተባረረ ሠራተኛ ነበር፤ አባዬ ስብሰባ ላይ ተነስቶ ስለሱ ተናገረ። ሳይቆይ እሱም ወጣ። ሕመሙ የመጣው ኋላ ነው፣ ቤት ውስጥ ዝም ብሎ ከተቀመጠ በኋላ። እማዬ ሌላ ፈረቃ ደረበች። እኔን አዴ ሎሚ ጋ አስቀመጠችኝ። ስለዚህ ነው ኦሮምኛ የማውቀው፣ ዝምተኛዬ። አባቴ ስለተናገረ ነው።

ተጸጽቶ ነበር ወይ አልኳት። እጇ ምስሩ ላይ ቆመ። “አልጠየቅኩትም” አለች። “አዎ ቢለኝ ምን ልሆን ነው? አይ ቢለኝስ?”

ስወጣ በር ድረስ ሸኘችኝ። ጣቢያ የምትሄጂ ከሆነ አስቀድመሽ እንዳትነግሪኝ፣ እንቅልፍ አይወስደኝም፣ አለች።

አትሂጂ አላለችም። በባጃጁ ውስጥ ነው የገባኝ።

ታኅሣሥ 4፣ ዓርብ

ሌሎቹ ቃላቸውን ሰጡ። እኔ አመመኝ ብዬ ቀረሁ። እውነትም አመመኝ። ሆድ ይፍጀው ሲሉ ለአባባል ይመስለኝ ነበር፤ ለካ በቁሙ ይፋጃል።

ሃያት አመሻሹ ላይ ተመለሰች። ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋዋ ላይ ቁጭ አለች። ቋንቋውን አላውቅም፣ ሲጓተቱ አየሁ፣ ሲመቱት አላየሁም፣ ብላለች። መርማሪው ደጋግሞ ጠየቃት። ደጋግማ ያንኑ። ስትነግረኝ ከንፈሯ ይንቀጠቀጣል። የሃያት! ምንም የማትፈራ ትመስለኝ ነበር። በጀሪካን የቀረውን ውሃ አሙቄ እግርሽን ላጥብሽ አልኳት። አሾፈችብኝ፣ ግን እምቢ አላለችም።

ዮናታን ምን እንዳለ አታውቅም፤ የገቡት ለየብቻ ነው። ለኔ ሰኞ ተብሏል። ካልመጣች ቢሮው ያውቀዋል ተብሏል።

ታኅሣሥ 5፣ ቅዳሜ

የሜዳ ትውውቅ አጥር ውስጥ ሆነ። ኳስ ሜዳውን ስንዞር አረፈድን። ጥበቃዎቹ ይስቃሉ፣ ኧረ ቀስ፣ እንዳትጠፉ ይሉናል። በድንኳን ልናድርበት የነበረው ጉዞ ቀርቷል። ዮናታን መጥቷል። አላየኝም፤ ወይ አይቶ ተወኝ።

መ/ር ታሪኩ አጠገቤ መጥተው መራመድ ጀመሩ። ኦሮምኛ ትችያለሽ አሉ፣ አሉኝ። እችላለሁ። አንድ ዙር ጨረስን። ሦስት ልጆች አሉኝ፣ አሉ፤ ሳልጠይቃቸው። የመጨረሻዋ ገና ጡት አልተወችም። ከዚያ ፊሽካቸውን ነፍተው ሌላ ቡድን ጋ ሄዱ። ፍርሃታችንን ሊያስለቅቁን አልነበር ያወጡን? አልተቀየምኳቸውም። እንደኔ ያለውን ሳየው አውቀዋለሁ።

ከአጥሩ በላይ የኦቦ ሁሪሳ ማሳ ይታያል። ዙሪያው ሁሉ ታጭዷል። የሳቸው ብቻ ቆሟል። ጤፍ ጊዜው ካለፈ መሬት ላይ ይረግፋል፣ ከአቧራ ማን ይለቅመዋል። ነፋስ በመጣ ቁጥር አጥሩ ጋ ቆሜ አያለሁ።

ታኅሣሥ 6፣ እሑድ

ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። መጸለይ አቃተኝ። ከመጸለይ ይልቅ ስቆጥር ነበር፣ ምን ምን ሊደርስብኝ እንደሚችል።

ከግቢ ያባርሩኛል። ወይ ውጤቴን ያበላሹታል። ወይ የአባትሽ ልጅ ነሽ ብለው የቆየ ነገር ያነሳሉ። ወይ ምንም አያደርጉኝም፣ ግን በካፌው ሰልፍ፣ በክፍሉ፣ በደረጃው፣ ሁሌ ያዩኛል። ይሄኛው ይከፋል። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይላሉ። ከሆነስ መፍራቱ ምን ጠቀመኝ?

ዝም ብል ደግሞ ፍርሃቱ የሚለቀኝ መስሎኝ ነበር። ዝም ካልኩ ሳምንት አለፈኝ፣ ይኸው አለ፣ ወፍሮ። ያለ ፍርሃት የሚኬድበት መንገድ ቢኖር በሱ እሄድ ነበር። የለም።

እሄዳለሁ። ለእማዬ አልደወልኩም።

ታኅሣሥ 7፣ ሰኞ፣ ጠዋት፣ ጣቢያው በረንዳ

አግዳሚ ላይ ነኝ። ተራሽን ጠብቂ ተብያለሁ። እጄ ሥራ ካልያዘ ያጋልጠኛል፣ ስለዚህ እጽፋለሁ። ከቢሮው ሳቅ ይሰማል። ራዲዮ። ሽንት ቤት ደርሼ ተመለስኩ፣ እንደገና መጣ።

አጠገቤ አንዲት እናት መጥተው ተቀመጡ። በጨርቅ የታሰረ ምሳ ዕቃ። በአማርኛ ሰላም አሉኝ፣ በኦሮምኛ መለስኩ፤ ፊታቸው በራ። ማን ታሰረብሽ? ማንም ማለት አቃተኝ። አባትሽ? አሉ ራሳቸው። አይዞሽ ልጄ፣ የኔም ሰውዬ እዚሁ ነው፣ መሬት የሚለኩ ሰዎች መጥተውበት። ስም ሳልጠይቅ አወቅኩ። ጨርቁን ፈተው ቂጣ ቆርሰው ሰጡኝ፤ ሳይበሉ እዚህ መቀመጥ አይቻልም፣ አሉ። ጉልበቴ ላይ ይዤዋለሁ።

ይናገራሉ። የሁሪሳ ወንድም ኮዬ ነበር መሬቱ። ተነሳ። አሁን ጥበቃ ነው፣ የገዛ ማሳው ላይ በቆመው ፎቅ ሥር። ሁሪሳ ያንን ካየ ጀምሮ ሌሊት እየተነሳ ማሳውን ዞሮ ያያል። አሁንስ ጤፉን ማን ይጨድ? ልጆቹ ወጣ ካሉ እንያዛለን ብለው ፈርተዋል።

ነገርኳቸው። ዘንግ ይዘው ከነበሩት አንዷ እኔ ነኝ። ተማሪ ነን ያልኳቸውም እኔ ነኝ። ተማሪም ነን። ዘንጉ ለጨዋታ ነበር።

“ጨዋታ?” አሉ። ቂጣውን ልመልስላቸው ዘረጋሁ። አልተቀበሉኝም። ከአጠገቤም አልተነሱም። ራዲዮው ማስታወቂያ ይላል።

አሁን ጠየቁኝ፣ እየጻፍኩ ሳለ፣ ዓይናቸውን ከመሬት ሳያነሱ። ምን ልትዪ ነው የመጣሽው? ያሉትን ልናገር ነው፣ ኦቦ ሁሪሳ ያሉትን። ምን አለ? ልቀቅ ነው ያሉት፣ አልኳቸው። ልቀቅ ብቻ።

ቀና ብለው እጄን አዩት፣ ብዕሩ ሲንቀጠቀጥ።

“ለዚህች ነው እንዲህ የምትንቀጠቀጪው?”

አዎ አልኳቸው። ለዚህች ነው።

ስሜ ተጠራ። ልግባ